አንድ ሰው ቀረ

ጸሎት ቤታችን ታቦር ግርጌ ነው፣ ከሰፊው ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤
የኔ አገልግሎት ከኋላ ነው፤ ጣቴ ሚክሰሩ ላይ ያድራል፤
መዘምራኑ ሲቀጥኑ አወፍራለሁ፣ ቤዙ ሲበዛ እቀንሳለሁ፣
ወንጌላዊ ዳንጊሶ ሲወጣ ግን፣ እጄን ሰብስቤ እጸልያለሁ።

በለሆሳስ ነው የሚጀምረው፣ «የተወደዳችሁ» ብሎ፣
መነጽሩን ጠርጎ፣ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ።
አምስት ደቂቃ። ስድስት። ከዚያ የአንገቱ ሥር ይቆማል፣
አረንጓዴው መብራት ቢጫ፣ ቢጫው ቀይ ሆኖ ይከርማል፤
ቆርቆሮው ይነዝራል፣ የተኛ ሕፃን ነቅቶ ያለቅሳል፣
ከዋርካው ላይ አባ ኮዳ ቅር ብሎት ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ሰፊው ሙንጣሻ ረቡዕ ለት መጣ፣
ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ፣ ቁጣውን በፈገግታ ሊያወጣ፤
«እናንተ ጋ እግዜር ጆሮውን ያመዋል እንዴ?» አለኝ፣
«እናንተ ስትጸልዩ የኔ ሲንጀር ነው የሚንቀጠቀጥብኝ።»
ሳቅሁ። ሳቄ ግን ማታ አልጋዬ ላይ አብሮኝ ተኛ፤
ጥያቄው የኔም ነበር፣ የስድስት ዓመት ጓደኛ።

አንዳንዱን ሰባኪ አውቀዋለሁ፣ የኮንፈረንስ ድምፅ ይዋሳል፤
አንዳንዱ ዝምታን ይፈራል፣ ዝም ሲል ልቡ ይፈርሳል፤
አንዳንዱም፣ አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ «ኃይል አለው» መባል ያምረዋል፤
ዳንጊሶን የቱ ጋ ልመድበው? እሱን ማን ያስጮኸዋል?

እሑድ ማታ ገመድ ስጠቀልል፣ ወንበር ሲደረድር ደረስኩበት፤
«ማይክ እያለ ምን ያስጮኻል?» አልኩት፣ ፊቴን ሳላዞርበት።
«እግዜርስ ይሰማል፣ ደንቆሮው እኛ» ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣
ስንቴ የሰማሁት ነውና፣ በልቤ ቀድሜ ሳቅሁ።
እሱ ግን አላለም። ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ፤
«እኔ ረዳት ነበርኩ» አለኝ፣ ድምፁ ከሹክሹክታ እየደቀቀ።

«አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አሮጌው መናኸሪያ። በር ላይ ተንጠልጥዬ
‹ዲላ! ዲላ! ይርጋለም! አንድ ሰው ቀረ!› እላለሁ፣ ምዬ።
መኪናው ባዶ ነው። ሹፌሩና እኔ፣ ዶሮ በዘንቢል ታስራ፤
ሰው ግን ይሮጣል፣ ‹አንድ ቀረ› ሲባል በስሙ እንደተጠራ።
አንድ ቀን፣ ሐምሌ፣ ትኩሳት ይዞኝ ድምፄ ተዘጋ፤
አንዲት ሴት ከነልጇ ቆማለች፣ ከማዶ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ጋ።
እጄን ወዘወዝኩ፣ አፌን ከፈትኩ፤ ዝናቡ ድምፄን በላው፤
የመጨረሻው መኪና የኛ ነበር። ሄድን። ያን ዝምታ ነው የምጠላው።
ወደ ሐኪም ትሁን አላውቅም፣ ትሁን ወደ ዘመድ፤
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፣ ዛሬም በኋላው መስኮት አያታለሁ፣ እዚያው መንገድ።»

ጫማውን አጠለቀ። ገመዱ እጄ ላይ ቀረ፤ አልጠቀለልኩም።
ይህ ለሙንጣሻ መልስ ይሆናል? እንጃ። ሄጄም አልነገርኩም።
ደግሞ ውሸትም አለበት፣ ባዶ መኪና ይዞ «አንድ ቀረ» ማለት፤
ልጠይቀው ስል መብራቱን አጠፋ፤ ቀረ ለሌላ ዕለት።

በሚቀጥለው እሑድ ሥሩ ቆመ፤ ቀዩ መብራት በራ፤
ጣቴ ትንሽ ዝቅ አደረገው፣ ለሙንጣሻ ሲንጀር ሲራራ።
የቀረውን ተውኩት። ይሂድ። በመስኮቱ፣ በአስፋልቱ፣ በዝናቡ፣
እስከ ምሰሶው። እዚያ የቆሙ ካሉ ይስሙት፤ ይግቡም አይግቡ።

ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ (ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ)
ጢም ያላበቀለ ረዳት፣ ድምፁ እንደ ጠርሙስ የነቃ፣
«አንድ ሰው! አንድ ሰው ቀረ!» አየሁት፤ ሚኒባሱ ባዶ ነው።
ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ሌላ ሰው የለም። የሚጠራው እኔን ነው።